ሁለተኛው መንታና የአዋላጅ እጅ፦ የአንድ ሙያ መተላለፍና መዳከም አጭር ታሪክ

መግቢያ

የአንድ ሙያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የግኝት ታሪክ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳገኘ ይመዘገባል፤ የተገኘው ነገር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ፣ ሳይሻገር ሲቀርም ምን ጉዳት እንዳስከተለ ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ይህን የተዘነጋ ወገን በአንድ ጠባብ ምሳሌ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። ምሳሌያችን መንታ ልጆችን፣ በተለይም ሁለተኛውን መንታ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በተፈጥሮ መንገድ የማዋለድ ሙያ ነው።

ርእሱ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አይመስለንም። ይህ ሙያ በመጽሐፍ ከተጻፈ አሥራ ስምንት ምዕተ ዓመታት አልፈውታል፤ ሆኖም ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት፣ መጽሐፉ በእጅ እያለ፣ በብዙ የበለጸጉ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ እጅግ ተዳክሟል። ማንም ስሕተት ነው ብሎ አልሻረውም፤ የሚያስተምረውና የሚማረው በአንድ አልጋ አጠገብ መገናኘታቸው እየቀነሰ ሄደ እንጂ። ዕውቀት በጽሑፍ ከተቀመጠ አይጠፋም ብለን ለምናምን ሰዎች ይህ ቆም ብሎ ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

ችግሩ ከምን ላይ ነው?

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ሙያው ራሱ ምን እንደሆነ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። መንታ ካረገዙት እናቶች መካከል ወደ 40 በመቶ በሚሆኑት ሁለቱም ልጆች ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ለምጥ ይደርሳሉ። ሌሎች ወደ 40 በመቶ በሚሆኑት የመጀመሪያው በራሱ ሲመጣ ሁለተኛው በመቀመጫው ወይም አግድም ይሆናል። በቀሩት የመጀመሪያው ራሱ በራሱ አይመጣም። የምንነጋገረው በዋነኛነት ስለ መካከለኛዎቹ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ በራሱ ከመጣ መወለዱ ከነጠላ ልጅ መወለድ ብዙም አይለይም። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ልጆች ያጣበቡት ማኅፀን ለአንዱ ብቻ ሲቀር በድንገት ይሰፋል፤ ሁለተኛው ልጅ በዚህ ሰፊ ቦታ ውስጥ ሊዞር፣ ሊጋደም፣ ወይም ራሱን ከፍ አድርጎ ሊንሳፈፍ ይችላል። እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። እንግዴ ልጁም ጽንሱ ሳይወለድ ከማኅፀኑ ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ምጡ ለጥቂት ጊዜ ፋታ ከሰጠ ደግሞ ተከፍቶ የነበረው የማኅፀን አንገት መልሶ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ አዋላጁ ያለው ጊዜ አንዳንዴ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

በዚህ ጊዜ ምርጫው ብዙ አይደለም። የልጁ ራስ እየወረደ ከሆነ ይጠበቃል። አግድም ከሆነ ከሆድ ላይ በመግፋት ራሱን ወደ ታች ለማዞር ይሞከራል። ይህ ካልሆነ ወይም ጊዜ ከሌለ፣ አዋላጁ እጁን ወደ ማኅፀን ሰድዶ የልጁን እግር ይፈልጋል። የሽርት ውሃው ገና ካልፈሰሰ ከረጢቱ እስከሚቻለው ድረስ እንዳይቀደድ ይጠነቀቃል፤ ውሃው ባለበት ልጁ በቀላሉ ይዞራልና። እግርን ከእጅ የሚለየው በዓይኑ ሳይሆን በጣቶቹ ነው። እግር ተረከዝ አለው፣ እጅ የለውም፤ የእግር ጣቶች በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ፣ የእጅ አውራ ጣት ግን ከሌሎቹ ርቆ ይቆማል። እግሩን ከያዘ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ታች ይስባል፤ በሌላው እጁ ደግሞ ከሆድ ላይ ሆኖ የልጁን ራስ ወደ ላይ ይመልሳል። ከዚያ እግሮቹ፣ ዳሌው፣ ክንዶቹ፣ በመጨረሻም ራሱ በተራ ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ አያያዝ አለው።

ይህን ሁሉ አሁን በጥቂት መስመሮች ጻፍነው፤ አንባቢም ተረዳው። ነገር ግን ይህን አንብቦ ማንም ሰው ሊሠራው አይችልም። ምን ያህል መሳብ በቂ እንደሆነና ምን ያህሉ አጥንት እንደሚሰብር፣ መቼ መቸኮል፣ መቼ እጅን አሳርፎ መጠበቅ እንደሚገባ በቃላት አይነገርም። የዚህ ሙያ ታሪክ በቃል የማይነገረውን ነገር ለማስተማር የተደረገ የረጅም ጊዜ ሙከራ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከሶራኖስ እስከ ዩስቲነ ሲገሙንድ

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በሮም ያገለገለው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ ስለ ሴቶች ሕክምና በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፍ ተጣሞ የመጣን ጽንስ እጅ አስገብቶ በማዞር በእግሩ ማውጣት እንደሚቻል ገልጿል። ከእርሱ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት ይህ ዘዴ በምዕራብ አውሮፓ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ደብዝዞ ቆየ። እንደገና ጎልቶ የወጣው ፈረንሳዊው የቀዶ ሐኪም አምብርዋዝ ፓሬ በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ፓሬ በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ ይጽፍ ስለነበር ሥራው ላቲን ለማያውቁት የቀዶ ሐኪሞች ደረሰ። በ1668 ፍራንስዋ ሞሪሶ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የማዋለድ ሙያ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ መልክ ያዘ፤ በመቀመጫው የመጣ ልጅ ራስ የሚወጣበት አንድ አያያዝ እስከ ዛሬ በሞሪሶ ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። መጽሐፍ ዝም ባለበት ዘመን እጅም ሥራ ፈትቶ ነበር ማለት አይደለም። በዚያ ሁሉ ዘመን መንቶች ይወለዱ ነበር፤ ያዋልዷቸው የነበሩትም ባብዛኛው ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ ወገን ተነሥታ የመጽሐፉን በር የከፈተችው አንዷ ጀርመናዊቷ ዩስቲነ ሲገሙንድ ናት። በ1636 በሲሌዢያ የተወለደችው ሲገሙንድ ገና በሃያ ዓመቷ ገደማ አዋላጆች ሳታረግዝ አርግዘሻል ብለው በከንቱ አሠቃይተዋት ነበር። ከዚህ መከራ የተነሣ ስለ ማኅፀን የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ከዚያም ለብዙ ዓመታት የገበሬ ሴቶችን ያለ ክፍያ ስታዋልድ ቆይታ በመጨረሻ በበርሊን የብራንደንቡርግ ቤተ መንግሥት አዋላጅ ሆነች።

ሲገሙንድ በ1690 ያሳተመችው መጽሐፍ የተጻፈው በአስተማሪና በተማሪ መካከል በሚደረግ ጥያቄና መልስ ነው። ለእኛ ርእስ ይህ አጻጻፍ ራሱ ትርጉም አለው፤ ደራሲዋ ሙያው የሚተላለፈው በሁለት ሰዎች መካከል መሆኑን ስላወቀች መጽሐፉንም በሁለት ሰዎች ንግግር ሠራችው። በስሟ የሚታወቀውም አያያዝ ለተጋደመ ልጅ ነው። የልጁን እግር በጨርቅ ገመድ ሸምቅቆ አንዱ እጅ ገመዱን ከውጭ ይስባል፤ ነጻ የሆነው ሌላው እጅ በውስጥ ሆኖ የልጁን አካል ወደ ላይ ይገፋል። ሁለት እጅ ሊገባ በማይችልበት ጠባብ ቦታ የሁለት እጅ ሥራ መሥራት ማለት ነው። ይህን መላ ያመጣችው ችግሩን በገዛ ጣቶቿ ደጋግማ ያገኘች ሰው ናት።

የጨርቅ አሻንጉሊትና የድሆች ምጥ

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ጥያቄው ተለወጠ። ጥቂት ጎበዝ አዋላጆች መኖራቸው አልበቃም፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትን በአጭር ጊዜ እንዴት ማሠልጠን ይቻላል? የሚለው የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። ለዚህ ሁለት መልሶች ተሰጡ።

አንደኛው መልስ የአንዠሊክ ዱ ኩድሬ ነው። ንጉሥ ሉዊ አሥራ አምስተኛ በ1759 ለዚህች አዋላጅ በመላ ፈረንሳይ እየተዘዋወረች የገጠር ሴቶችን እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። ከ1760 እስከ 1783 ድረስ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ስትዘዋወር ኖረች፤ ያስተማረቻቸውም በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ተማሪዎቿ በአብዛኛው ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከጥጥ የተሠራ የሴት ዳሌና የሕፃን አሻንጉሊት አዘጋጀች፤ ስሙንም በአጭሩ መኪናው አለችው። እስከ ዛሬ የተረፈው አንድ ብቻ ሲሆን በሩዋን ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከዕቃዎቹ መካከል የመንታ አሻንጉሊቶች አሉበት። እያንዳንዷ የገጠር ሴት በሕይወት ያለች እናት አጠገብ ከመድረሷ በፊት እጇን ወደ ጨርቁ ማኅፀን ሰድዳ እግርን ከእጅ መለየት፣ የተጋደመውን መመለስ ትለማመድ ነበር። በዛሬ ዘመን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ አዲስ ነገር የሚታየው የአሻንጉሊት ልምምድ እነሆ ከ260 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ሁለተኛው መልስ የስኮትላንዱ ተወላጅ የዊልያም ስሜሊ ነው። ስሜሊ በለንደን ባስተማረበት ጊዜ እርሱም በእውነተኛ አጥንት ላይ ቆዳ ለብጦ የሠራው መለማመጃ ነበረው። ግን በዚያ አልተወሰነም። በ1752 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ እንደገለጸው በአሥር ዓመት ውስጥ ከ280 በላይ ኮርሶች ሰጥቷል፤ ሴቶቹን ሳይጨምር ከ900 በላይ ተማሪዎችን አስተምሯል፤ በነዚያ ኮርሶች ጊዜም 1,150 ድሆች ሴቶች በተማሪዎቹ ፊት ወልደዋል።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ከአሻንጉሊት ሊገኝ የማይችለው ትምህርት የተገኘው ከነዚህ ሴቶች ሥጋ ነው። ስማቸው አልተጻፈም። ለእንክብካቤው በገንዘብ መክፈል ስላልቻሉ በሌሎች ዓይን ፊት በማማጥ ከፈሉ። የሙያው ታሪክ የሊቃውንቱን ስም ሲያነሣ የነዚህን ሴቶች ድርሻ መዘንጋቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ደግሞም ዛሬ ሙያው ሲዳከም የሚባክነው በእነርሱ ዋጋ የተገዛ ነገር መሆኑን መገንዘብ ያሻል።

እጅ የሞት ምክንያት በሆነበት ጊዜ

ስሜሊ ተማሪዎቹን በየድሆቹ ቤት ይዞ ሲዞር፣ በተለያዩ ከተሞች ደግሞ የወላዶች ሆስፒታሎች መከፈት ጀምረው ነበር፤ የደብሊኑ በ1745 ተከፍቷል። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ምጥ ስለሚታይ ተማሪ በገጠር በዕድሜ ልክ የማያገኘውን የመንታ ምጥ በሆስፒታል በጥቂት ጊዜ ያገኛል። ሆኖም ይኸው መሰባሰብ የወላድ ትኩሳት የሚባለውን መቅሠፍት አመጣ።

በቪየና ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በ1846 በተማሪዎቹ ክፍል ከወለዱት እናቶች 11.4 በመቶ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ኢግናዝ ሴመልቫይስ በ1847 ምክንያቱን ደረሰበት። ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩበት በዋሉት እጅ ወላዶችን ይመረምሩ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ካስገደደ በኋላ በ1848 የሟቾቹ ቁጥር በክፍሉ ወደ 1.3 በመቶ ገደማ ወረደ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም።

ይህ ታሪክ የታወቀ ቢሆንም እዚህ ያነሣነው ለርእሳችን ቀጥተኛ ግንኙነት ስላለው ነው። እጅን እስከ ማኅፀን መስደድ የሚጠይቅ ሙያ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዚህ መቅሠፍት ይፈራ ነበር። በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ጆን ብራክስተን ሂክስ ሁለት ጣት ብቻ በማኅፀን አንገት አሳልፎ፣ ሌላውን እጅ ከሆድ ላይ አድርጎ ልጅን የማዞር ዘዴ ሲያስተዋውቅ ትልቅ እፎይታ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሙያ የሚሻሻለው እጅ በመጨመር ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ እጅን በመቀነስም ነው።

ልክ ያጣ ሙያ

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ እናንሣ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ የባፋሎ ከተማ ሐኪም የነበረው ኧርቪንግ ፖተር ጽንስን በውስጥ አዙሮ በእግር ማውጣትን እጅግ ከመካኑ የተነሣ፣ አስፈላጊ ለሆነባቸው ብቻ ሳይሆን በራሳቸው በሰላም ሊወልዱ ለሚችሉት ለአብዛኞቹ እናቶች ጭምር ይሠራው ነበር። ብዙ የሙያ ጓደኞቹ አጥብቀው ነቀፉት። የፖተር እጅ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን የእርሱን ያህል ያልተለማመዱ ሌሎች ቢከተሉት እናቶችንና ሕፃናትን ለአደጋ ያጋልጡ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው የእጅ ቅልጥፍና ብቻውን ሙያ እንዳልሆነ ነው። ሙያ ማለት መቼ እንደማይሠራ ማወቅንም ይጨምራል። ይህ ማወቅ ደግሞ ከእጁ ሥራ ይልቅ ለመማር ጊዜ ይወስዳል። ተማሪው ብዙ የተሳኩ ምጦችን ብቻ ሳይሆን አስተማሪው እጁን አጣጥፎ የጠበቀባቸውን ሰዓታት ማየት አለበት።

ቀዶ ሕክምና ሲቀል

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የደም ልገሳና የተሻሻለ ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድን ከቀድሞው እጅግ ያነሰ አደጋ ያለበት ሥራ አደረጉት። ይህ ለሰው ልጅ ትልቅ በረከት መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው እናቶችና ሕፃናት ተርፈውበታል። በ1958 የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ጓደኞቹ የአልትራሳውንድ ሥዕል ለማኅፀን ምርመራ እንደሚሆን በጽሑፍ አሳወቁ። ከዚያ በፊት ብዙ መንታ የሚታወቀው አንዱ ከተወለደ በኋላ ስለነበር አዋላጁ መንታን የማዋለድ ችሎታ ቢወድም ባይወድም ያስፈልገው ነበር። አሁን ግን አስቀድሞ ማወቅና አስቀድሞ መቁረጥ ተቻለ።

በአሜሪካ በ1970 ከሚወልዱት 5.5 በመቶ የነበረው የቀዶ ሕክምና ወሊድ በ1988 ወደ 24.7 በመቶ አደገ። በመንቶች ላይ የታየው ለውጥ ከዚህም የበለጠ ነው። በዚያው አገር በ1995 ከመንታ ወሊዶች 53.4 በመቶው በቀዶ ሕክምና የተፈጸመ ሲሆን በ2008 ቁጥሩ 75 በመቶ ደረሰ። የመንቶች ቁጥር ራሱ ግን እየጨመረ ነበር። በ1980 ከ1,000 ሕፃናት 18.9 የነበረው በ2009 ወደ 33.2 ከፍ ብሏል። ብዙ መንታ እየተወለደ በተፈጥሮ መንገድ የሚወለደው መንታ ድርሻ ቀነሰ ማለት ነው።

የመቀነሱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የክስ ፍርሃት፣ የሰዓት አመችነት፣ የእናቶች ምርጫም አሉበት። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ግን የተለየ ክብደት ነበረው። በ26 አገሮች በ2,088 እናቶች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት በመቀመጫው ስለሚመጣ ነጠላ ልጅ ነበር። በዕቅድ በቀዶ ሕክምና እንዲወለዱ ከተመደቡት ሕፃናት ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የተዳረጉት 1.6 በመቶ ሲሆኑ በተፈጥሮ መንገድ እንዲወለዱ ከተመደቡት 5 በመቶ ናቸው አለ። በኔዘርላንድስ ጥናቱ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ በመቀመጫ ለሚመጡ ልጆች የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከ50 በመቶ ወደ 80 በመቶ ዘለለ። በ2004 የወጣው ተከታይ ጥናት ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት እንዳላገኘ ቢገልጽም ልማዱ አንዴ ተለውጦ ነበር።

ይህ ጥናት ስለ መንታ አልነበረም። ሆኖም ሁለተኛውን መንታ በእግሩ የምታወጣው እጅና በመቀመጫው የመጣውን ነጠላ ልጅ የምታዋልደው እጅ አንድ ናት። የክንዶቹ አወጣጥ፣ የራሱ አያያዝ አንድ ነው። ተማሪው በነጠላ ልጅ ላይ መማር ሲያቆም ለመንታውም ሳይዘጋጅ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተመረቀው ሐኪም ሙያውን ስለማያውቅ ቀዶ ሕክምናን ይመርጣል፤ ቀዶ ሕክምናን ስለሚመርጥ ተማሪዎቹ አያዩም፤ ስላላዩም አያውቁም። ክቡ በዚህ ተዘጋ።

እጅን የመዘነ ጥናት

ክቡ እንዲከፈት ምክንያት የሆነው በ2013 የታተመው የመንታ ወሊድ ጥናት ነው። በ25 አገሮች የሚኖሩ 2,804 እናቶች ተካፈሉበት። የመጀመሪያው ልጅ በራሱ የመጣ ሆኖ፣ ከፊሎቹ በዕቅድ ለቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹ በተፈጥሮ መንገድ ለመውለድ በዕጣ ተመደቡ። ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የተዳረጉት ሕፃናት በመጀመሪያው ወገን 2.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 1.9 በመቶ ሆኑ፤ ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። በ2017 የታተመውና 5,915 እናቶችን የተከታተለው የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ከነዚህ እናቶች 75 በመቶው በተፈጥሮ መንገድ ለመውለድ ያቀዱ መሆናቸውን፣ ካቀዱትም መካከል 80 በመቶ ያህሉ ሁለቱንም ልጆች በዚያው መንገድ እንደወለዱ አሳየ።

እነዚህን ቁጥሮች ስንጠቅስ አንድ ነገር ማስመር አለብን። በ2013ቱ ጥናት የተፈጥሮ ወሊዱን ይመሩ የነበሩት መንታን በማዋለድ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ ጥናቱ የመዘነው መንገዱን ብቻ ሳይሆን እጁንም ነው። የውጤቱ ትክክለኛ ትርጉም «መንታ በተፈጥሮ መንገድ ቢወለድ አይጎዳም» ሳይሆን «የሚያውቅ ሰው ካለ አይጎዳም» የሚል ነው። የሚያውቅ ሰው በሌለበት ሆስፒታል ይህን ጥናት ጠቅሶ እናትን ማግባባት ሐቀኝነት አይሆንም። በ2014 የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበራት የመጀመሪያው ልጅ በራሱ ለሚመጣ መንታ የተፈጥሮ ወሊድ እንዲመከር ሲያሳስቡ፣ ተለማማጅ ሐኪሞች ይህን ሙያ እንዲማሩ፣ ነባሮቹም እንዳይዘነጉት አብረው ያሳሰቡት ስለዚህ ነው።

ዳግም መማር

የተዳከመ የእጅ ሙያ እንዴት ይመለሳል? ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መንገዶች በጥቂቱ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የዱ ኩድሬ መንገድ ነው። ተማሪው በአሻንጉሊት ላይ እጁን፣ ከባልደረቦቹ ጋር ደግሞ የሥራ ክፍፍሉን ይለማመዳል። ማን የሁለተኛውን ልጅ የልብ ትርታ ይከታተላል? ማን በአልትራሳውንድ አቀማመጡን ያያል? ማን የማደንዘዣ ባለሙያውን ይጠራል? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይደረደራል።

ሁለተኛው ከራሱ ከቀዶ ሕክምና የሚገኝ ትምህርት ነው። ሆድ ተከፍቶ ሁለተኛው ልጅ ሲወጣ፣ የተጋደመ ከሆነ፣ ሐኪሙ እግሩን ፈልጎ፣ አዙሮ ያወጣዋል። እጁ የሚገባበት በር ቢለይም እግርን መለየቱ፣ ክንድ ማውጣቱ፣ ራስ መያዙ አንድ ነው። አስተዋይ አስተማሪ ይህን አጋጣሚ በከንቱ አያሳልፈውም።

ሦስተኛው ነባሩን ከአዲሱ ጋር ማጣመር ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ተረኛ ባይሆንም ለመንታ ምጥ ይጠራል፤ ተለማማጁ በፊት፣ ነባሩ በአጠገቡ ይቆማል። ምጡ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንዲሆን ይደረጋል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ እናቲቱን ማጓጓዝ ሳያስፈልግ ወደ ቀዶ ሕክምና ለመሻገር ይቻላልና። በ2013ቱ ጥናት በተፈጥሮ መንገድ እንዲወልዱ ከተመደቡት 43.8 በመቶው በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና የወለዱ መሆናቸው ሁለቱ ሙያዎች ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች መሆናቸውን ያስረዳል።

ጉዳዩ ወደ አገራችን ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ድርጅት የተወለዱት 26 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ወደ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2019 በጤና ድርጅት የሚወለዱት ወደ 48 በመቶ ደርሰዋል። በሌላው ዓለም ቀዶ ሕክምና ስለበዛ ሙያው ሲዳከም፣ በእኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምና በማይደረስበት ቦታ ሙያው አማራጭ የሌለው ነው። ከዚህም በላይ ማኅፀኗ አንዴ የተቀደደ የገጠር እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ከሆስፒታል ርቃ ምጥ ቢይዛት ጠባሳው ሊተረተር ይችላል።

ሙያ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ አንድ ሕያው ምስክርም ከዚያው አለን። በ1959 ካተሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ወደ አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። ከአስከፊ ምጥ በኋላ በፊስቱላ ተጎድታ ወደ እነርሱ የመጣችው ማሚቱ ጋሼ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀበለች፤ ዓመታት ሲያልፉ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆና ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን አስተማረች። ይህ ስለ መንታ አይደለም። ነገር ግን ለዓመታት አንድ አስተማሪ አጠገብ መቆም ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሁለተኛውን መንታ የማዋለድ ሙያ ጠላት አልነበረውም። ያዳከመው የተሻለ አማራጭ መገኘቱ፣ ከዚያም በአንድ ትውልድ ላይ የመማሪያ ዕድሉ መቋረጡ ነው። ለመዳከም የሃያ ዓመት ዝምታ በቃው፤ ለመመለስ ግን ዕቅድ፣ አሻንጉሊት፣ ጥናትና በዕድሜ የገፉ ሐኪሞች ሌሊት ከአልጋ መነሣት አስፈለገው።

በስደት ለምንኖር ምሁራን ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። መጻሕፍት ይዘን ወጥተናል፤ ጽሑፍም እናሳትማለን፤ ይሁን እንጂ የምናውቀውን ለመማር በአጠገባችን መቆም የሚገባቸው ተማሪዎች ከእኛ ርቀው ይገኛሉ። ከመካከላችን የሕክምና ባለሙያ የሆኑት በየጊዜው ለጥቂት ሳምንታት ወደ አገር ቤት እየተመላለሱ ያስተምራሉ። ለእነርሱ ያለን አሳብ ቀላል ነው። ከሚሰጡት ንግግር ላይ ጥቂት ሰዓት ቀንሰው በማዋለጃ ክፍል ከወጣቱ ሐኪምና ከአዋላጂቱ ጎን ይቁሙ፤ እዚያ በዕድሜ የገፉ አዋላጆች ካሉ ደግሞ ከማስተማራቸው በፊት እጃቸውን ይመልከቱ። ምናልባት ከእኛ የሚማሩት ብቻ ሳይሆኑ እኛ የረሳነውን የያዙም ሆነው እናገኛቸው ይሆናል።